ግቢያችን ቆረቆር ይዞት ነበር

አምና ሚያዝያ ላይ እህቴን ዳርን። ሠርጉ ደመቀ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ መርቆ ሄደ። ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ ወደ ግቢ ወጣሁና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ሣራችን የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ቆረቆር የበላው የልጅ ራስ መስሏል። እዚህ ትንሽ ጸጉር፣ እዚያ መላጣ፣ ወደ ጓሮው ደግሞ አመድ በአመድ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። ግቢው ሰፊ የሚባል አይደለም፤ ከበሩ እስከ በረንዳው ያለው ሣር ሰማንያ ካሬ ቢሆን ነው። ግን ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ የምረግጠው እሱን ስለሆነ እንደ ሌላ ሰው መኪና ነው የማየው።

ትንሽ ቆይቼ ሳስተውለው መላጣው ዝም ብሎ አልመጣም። ቁልጭ ያለ የሠርጉ ካርታ ነው። ያ ረጅሙ ቢጫ ድንኳኑ የቆመበት ነው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፀሐይ ያላየው። መሃል ላይ ያለው፣ እንደ አውድማ የተደለደለው ክብ እስክስታ የተመታበት። ጓሮ በኩል ያሉት ሦስት ጥቁር ክቦች ጉልቻ የተጎለተባቸው። ዋንዛው ሥር በሬው ታስሮ ስለነበር ዙሪያውን በገመዱ ልክ ተረጋግጧል። ሙሽሮቹ ፎቶ የተነሱበት ጥግ ብቻ ደህና ነው፤ እዚያ አትርገጡ ተብሎ ነበርና።

እማዬ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አየች አየችና «እሰይ፣ ጎመን እንተክልበታለን» አለች። እሷ ድሮም ሣሩን አትወደውም። «የማይበላ ነገር ታጠጣለህ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። እስከ እንቁጣጣሽ እመልሰዋለሁ ብዬ ፎከርኩ።

ፉከራው ሳይቀዘቅዝ ሱቅ ሄድኩ። በላስቲክ የታሸገ የሣር ዘር አለ፣ ከላይ የኳስ ሜዳ የመሰለ አረንጓዴ ሥዕል ያለበት። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ እማዬ ትሰማለች። ሰኔ መግቢያ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር አይቼ በፍጥነት ወጣሁና እንደ ዶሮ ጥሬ በመላጣው ላይ በተንኩት። ማታ ዘነበ። የደብረ ማርቆስ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አያካፋም፣ ይወርዳል። ጠዋት ዘሬን ያገኘሁት በር ላይ ነው፤ ውሃው ጠራርጎ ወስዶ ከጭቃ ጋር በመስመር ደርድሮታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከበራችን ውጭ ባለው ቦይ ዳር በጣም የሚያምር ሣር በቀለ። የሰፈር በግ በላው።

ከዘሩ ትንሽ ተርፎኝ ነበር። ዘግይቶም ቢሆን አንድ ብልህ ነገር አደረግኩ፦ 20 ፍሬ ቆጥሬ በረጠበ ሶፍት ላይ አስቀመጥኩና በላስቲክ ሸፍኜ ሞቅ ያለ ቦታ አኖርኩት። በሁለት ሳምንት 6 በቀሉ። የሣር ዘር ሲያረጅና ሙቀት ቦታ ሲቀመጥ ይሞታል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ነው የሚመስለው። ስለዚህ ዝናቡን ብቻ ስረግም የነበርኩት በከንቱ ነው። ዘር ከመበተናችሁ በፊት ሶፍቱን ሞክሩ፣ ወጪው አንድ ሳህን ነው።

ግን ትልቁ ጥፋት ዘሩም ዝናቡም አልነበሩም። ከጎናችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤፍ ሲዘሩ ኖረው ጡረታቸውን ልጃቸው ዘንድ የሚያሳልፉ አባት አሉ። አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ከርመው ኖሯል። «አንተ ልጅ፣ አስፋልት ላይ ነው እንዴ የምትዘራው?» አሉኝ። ገቡና ከግንባታ የተረፈች ቁራጭ ፌሮ አንስተው ሣር ባለበት ተከሏት። ስንዝር ያህል ገባች። ከዚያ እስክስታ የተመታበት ላይ ሞከሩ። ሁለት ጣት ገብታ ቆመች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር በውስጡ ትንንሽ ክፍተት አለው፤ አየሩም ውሃውም በዚያ ነው የሚገባው። መቶ ሰው ሲረግጠው ክፍተቱ ይዘጋል። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ እርጥብ ሆኖ ከተረገጠና ከደረቀ ሸክላ ነው። ዘሩ ቢበቅል እንኳ ሥሩ የሚገባበት የለውም፣ ውሃውም ከላይ ይሄዳል እንጂ አይሰርግም። ዘር ጨምሬ ብበትን፣ ማዳበሪያ ብጨምር፣ ያው ቦይ ማብላት ነበር።

ዶማዬን አንስቼ ሁሉንም ልገለብጥ ስል አባባ እንደገና ያዙኝ። ቢጫው ላይ ቁጢጥ ብለው የደረቀውን ሣር በጣታቸው ፈለቀቁት። ሥር ላይ ነጭና ጠንካራ ነው። አልሞተም፣ ተኝቷል። ሰርዶም ኪኩዩ የሚባለው ሣርም መሬት ለመሬት እየሳቡ በየአንጓቸው ሥር የሚሰዱ ስለሆኑ ላያቸው ቢደርቅም ከታች ይነሳሉ። ዝናቡ ስላለ ሦስት ሳምንት ሳይነካ ተተወ፤ የድንኳኑ ቦታ በራሱ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ግማሽ ሥራዬ ምንም ባለማድረግ አለቀ። ጎትታችሁ እንደ ጭድ እፍኝ እፍኝ ከተነሳ ሞቷል፣ ከያዘ ግን ተዉት።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ በከንቱ ነው የተመኘችው። ሰርዶ ይበቅላል።

አመዱ የተለየ ጣጣ ነው። ጎጃም ደጋው ላይ አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ገበሬ ሁሉ ያወራዋል፤ የዘመናት ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል፣ ለዚህ ነው ማሳ ላይ ኖራ የሚበተነው። አመድም በትንሹ የኖራን ሥራ ይሠራል። እናቶቻችን ጎመን ሥር አመድ የሚረጩት ዝም ብለው አይደለም። እኔም ይህን ሰምቼ «እንኳን አመድ ተገኘ» ብዬ ነበር። ግን በአንድ ጉልቻ ቦታ የተከመረ የሠርግ አመድ መድኃኒት አይደለም፣ እንኳን ሣር አረምም አይበቅልበትም። ሰባት ባልዲ በአካፋ ዘገንኩ። ግማሹን ስስ አድርጌ በግቢው ሁሉ በተንኩት፣ ግማሹን እማዬ ለጎመኗ ወሰደች። አዎ፣ ጎመን ተተክሏል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጊዜ መምረጥ ደግሞ አለ። እዚህ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው በእነዚህ ጥቂት የክረምት ወራት ነው የሚወርደው። ሐምሌ ላይ ባዶ አፈር ቆፍሮ ስስ ዘር መበተን ለበሩ ቦይ መዝራት ነው፣ ከልምድ ነው የምናገረው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባል የለ? እኔም ቡሄን ጠበቅኩ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ይበርዳል፣ አፈሩ ግን እርጥበቱን ይዞ እስከ መስከረም ይቆያል። በጋ ላይ መትከልም ይቻላል፣ ውሃ ላለው። እኛ ሰፈር ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት።

ቁፋሮው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሁለት ቀን የሚበቃው ሥራ ነበር። ለምን ሁለት ሳምንት ፈጀ? እማዬ። «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ መሬት አይቆፈርም።» እሺ። ቅዳሜ ዶማ አነሳሁ፣ «ቅዳሜም ሰንበት ነው።» እሑድማ አይጠየቅም። 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ከሥራ ቀን ላይ እነዚህን ስትቀንሱ ምን እንደሚቀር ራሳችሁ አስሉት። አረሙ ግን በዓል አያውቅም፣ በሚካኤልም ያድጋል። በኋላ ስንደራደር አንድ ቀዳዳ አገኘን፦ ለከብት ሣር ማጨድ ይፈቀዳል፣ እንስሳ በዓል ቢሆንም ይርበዋልና። ስለዚህ በበዓል ቀን አጭዳለሁ፣ በሥራ ቀን ማታ ማታ እቆፍራለሁ። ይህ ፕሮግራም እስካሁን ይሠራል።

መላጣውን ብቻ ነው የቆፈርኩት፣ ስንዝር ጥልቀት፣ ዳሩ ካለው ጤነኛ ሣር ትንሽ አልፌ። ጉዱን ብትሰሙ፦ ከአፈሩ ውስጥ ያወጣሁት ቆርኪ ሰባ አልፎ መቁጠር ተውኩ። አንድ የጆሮ ጌጥ፣ ሁለት ማንኪያ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የታኮ ቁራጭ። የጆሮ ጌጡ የአክስቴ ነው። ሠርጉ ላይ የተኮራረፈችውን ሰው «ሰረቀችኝ» ስትል ስለከረመች ጌጡን ይዤ ስሄድ ብዙም ደስ አላላትም።

ከቆፈርኩ በኋላ የበሰለ ፍግ ቀላቀልኩበት። የበሰለ ማለት ሲይዙት የማይሞቅ፣ የማይሸት፣ እንደ አፈር የሚፈረፈር ነው። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ በዚያ ላይ ከብቱ የበላውን የአረም ዘር ሁሉ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ደልድዬ ሳምንት ተውኩት፤ የሚበቅለው አረም ይብቀልና ልንቀለው።

የገረመኝ ቀጣዩ ነው። ይህን ሁሉ አለስልሼ ሳበቃ አባባ «አሁን አስረግጠው» አሉኝ። እንዴ! የቆፈርኩት እኮ የተረገጠ ስለሆነ ነው። ሳቁብኝ። ጤፍ ሲዘራ ማሳው በከብት እንደሚረገጥ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ረስቼዋለሁ። ስስ ዘር ለስላሳ አፈር ውስጥ ከገባ ይሰምጣል፣ ከሰመጠ ብርሃን ሳያይ ያልቃል። ላዩ ጠበቅ ማለት አለበት፣ ከታች ግን ሥር የሚገባበት መሆን አለበት። ጤፍም ራሱ ሣር ነው፣ ፍሬውን ስለምንበላው ነው እንጂ። ሱቅ የተሸጠልኝ ላስቲክ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይህ አንድ ምክር በለጠብኝ። የሰፈር ልጆችን ጠርቼ በባዶ እግራቸው አስጨፈርኳቸው። ተረከዛቸው ግማሽ ጣት ብቻ ሲሰርግ በቃ አልኳቸው።

አዲስ ዘር፣ ይኼኛው በሶፍት ተፈትኖ ከ20 ው 17 ያለፈ፣ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቀልኩ። ብቻውን ከተበተነ እጅ ላይ ይጣበቅና አንድ ቦታ ይከመራል። ግማሹን ከበሩ ወደ ቤቱ እየሄድኩ፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ በተንኩት። ከዚያ ቅጠል ባለው የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ላዩን ጠረግ ጠረግ። መቅበር የለም።

ዶሮ! ዶሮን ረሳኋት። የጎረቤት ዶሮዎች ዜናውን በሬዲዮ ሰሙ ይመስል ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥፍራቸውን ስለው ነበር። የቀጋ እሾህ ቆርጬ አለበስኩት፣ እጄ እስኪደማ። ለእርጥበት ብዬ ደግሞ ከእሾሁ ሥር ስስ ጭድ ነሰነስኩ። ለወፍም ለዝናብ ምትም ጥሩ ነው።

በአምስተኛው ቀን አረንጓዴ አየሁ። ጮህኩ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ ቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፣ እህቴ ከባሏ ቤት «አንበሳ!» ብላ ጻፈችልኝ። በሳምንቱ አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ አሉ፣ አንዷን ነቀሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

«ይሄማ ጤፍ ነው።»

የጤፍ ጭድ ነዋ የነሰነስኩት። ውቂያ ላይ ያመለጠች ፍሬ በሙሉ ተሰብስባ እኔ ግቢ በቀለች። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። «ጎመን ስልህ እምቢ ብለህ እንጀራውን ራሱ አመጣኸው!» እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነገራል።

ግን ብዙም አልጎዳኝም። ጤፍ የአንድ ወቅት ተክል ነው፤ ሳያፈራ ስታጭዱት ያልቃል። የሰርዶ ዘር ደግሞ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስትም ይፈጃል፣ ስለዚህ ጤፉ ጥላ ሆነለት ማለት ይቻላል። ትንሽ ከፍ ሲል በማጭድ ላፍ አደረግኩትና ከሥሩ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሌላ አረንጓዴ አየሁ። ያንን ለማንም አልለጠፍኩም፣ እስኪረጋገጥ። ጭድ መጠቀም ካማራችሁ አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡትና ያለው ፍሬ በቅሎ ይለቅ፣ ወይም አሮጌ የቃጫ ጆንያ አልብሱት።

የጉልቻው ቦታ ግን በዘር አልተሳካም። እዚያ ኪኩዩ ተከልኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ አትክልተኛው ዳር ዳሩን ሲቆርጥ አየሁና ለመንኩት፣ ሁለት ጆንያ ሞላልኝ። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት አንጓ እንዲኖረው ቆራርጬ፣ በትንሽ ቦይ አጋድሜ፣ ጫፉን ብቻ ወደ ላይ ትቼ በእግሬ ጠበቅ አደረግኩ። በመካከላቸው አንድ ስንዝር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ያዘ። ስሙ የኬንያውን የኪኩዩ ሕዝብ ነው የያዘው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፣ ስለዚህ እኛ ጋ እንደ ቤቱ ነው። አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ እንኳ አልከበደውም። ችግሩ ጠባዩ ነው፤ ዳር ድንበር አያውቅም። በወር ውስጥ የእማዬ ጎመን መደብ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ጦርነት ሊነሳ ሲል በመካከል አንድ ስንዝር ቦይ ቆፈርኩና ድንጋይ ደረደርኩበት፤ አሁን በየሁለት ሳምንቱ የተሻገረውን እቆርጣለሁ።

አዎ፣ ጎመኑ። ከበር ወዲህ ያለችውን ሦስት ሜትር ተስማምተን ለሷ ለቀቅኩ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ሣር ሊይዝ አልቻለም ነበር፣ እሷ ግን የተሸነፍኩ ነው የሚመስላት።

ዋንዛው ሥርም ተስፋ ቆርጫለሁ። ሰርዶ ፀሐይ ወዳድ ነው፣ ጥላ ውስጥ እየቀጠነ እየቀጠነ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩትና ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈን የቡና ቦታ አደረግነው። ከበር ወደ ቧንቧ ያለው አቋራጭም እንዲሁ። ሰው በእግሩ የመረጠውን መንገድ በዘር አትመልሱትም። ድንጋይ አስቀመጥኩበት፣ ሁሉም ሰላም ሆነ።

አንድ ያበላሸሁት ነገር ልናገር። ጥቅምት ላይ ሣሩ ትንሽ ገርጣ ሲል ዩሪያ በእፍኝ በተንኩ፣ ጤዛ ባለበት ጠዋት። ዩሪያ ከመቶ 46ቱ ናይትሮጅን ነው፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። እፍኜ የበዛበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ቀለበት ሆነ። ውሻ ሽንቱን የሸናበት የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ነገሩም አንድ ነው። አሁን የምጨምረው ፍግ ነው፣ ተወቅጦና ተነፍቶ።

ማጨድ። ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ማሽን የለኝም፣ ማጭድ ነው ያለኝ፣ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አልቆርጥም። አንዴ ሲያድግብኝ ትቼ ከሥሩ ላጭቼው ለሦስት ሳምንት ቢጫ ሆኖ አኮረፈኝ። ማጭዱ ደግሞ ይሳል፤ የደነዘዘ ማጭድ ሣሩን አይቆርጠውም፣ ይገነጥለዋል፣ ጫፉም ይደርቃል። ክረምት ላይ በየአሥር ቀኑ፣ በጋ ላይ በወር አንዴ። አጭሩን እዚያው እተወዋለሁ፣ መልሶ ይበሰብስለታል። ረዘም ያለው ለሙክቱ ነው። ሙክት የገዛነው በሣሩ ምክንያት ነው፤ የማይበላ ነገር ታጠጣለህ ያለችኝ እናቴ አሁን «ውሃ አልነፈግኸውም?» ብላ ትጠይቀኛለች።

አረሙን በተመለከተ ሙጃ ቀላል ነው፣ ሳያፈራ መንቀል። እንግጫ ግን ፈተና ነው። ቅጠሉን ስትነቅሉት ከታች ያለችው ፍሬ የምትመስል ሥሩ ትቀራለች፣ በሳምንቱ ተመልሳ ትወጣለች። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ በመኮትኮቻ ከሥሩ ካልወጣች በቀር ሥራው ከንቱ ነው። ደግሞ አሁን ነሐሴ ነው፣ አዲሱ ዓመት ሲቃረብ እዚህ ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ እየዘፈኑ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። የሰፈራችንን ልጆች ጠርቼ «እኔ ግቢ ሞልቷል፣ ለምን ትደክማላችሁ?» ብላቸው ተሳሳቁብኝ። አንዷ ግን «ዳቦ ካለ እንመጣለን» ብላኛለች። እማዬ ዱቄት አዘጋጅታለች።

ሣሩ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። እንቁጣጣሽ ላይ የቆረቆር ምልክት ፈልጋችሁ አታገኙም፣ ከጉልቻዎቹ አንዷ ትንሽ ጠቆር ብላ ከመብቀሏ በቀር።

ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ እማዬ ሣሩ መሃል ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቀስ ብላ ስትራመድ አገኘኋት። አንድ እግሯን ከሌላው ፊት እያስቀደመች ትቆጥራለች። የምትመርቀው መስሎኝ ነበር። አሥራ አራት ላይ ደርሳ ቆመችና ወደ ዋንዛው አየች። ታናሽ ወንድሜ ለጥር ሽማግሌ ልኳል።

«የዛሬው ድንኳን ካምናው ይሰፋል መሰለኝ» አለችኝ።